ገድለ ቆጣቢ

የስልኩን ቻርጀር ከሶኬት ሳይነቅል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገድል ሳይጻፍለት መቅረቱ ያሳዝናል። እስቲ ዛሬ እኛ እንጻፍለት።

ይህ ሰው ከመኝታ በፊት ቤቱን ሙሉ ይዞራል። ስልክ ሳይኖርበት ተሰክቶ የዋለ ቻርጀር ካገኘ ይነቅላል፤ ነቅሎም ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይገሥጻል። ዘመናዊ ቻርጀር ሥራ ፈትቶ ሲውል የሚወስደው የዋት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 24 ሰዓት ቢሰካ የሚፈጀውን ኃይል 2000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ጀግናችን ታዲያ ከግሣጼው በኋላ ጉሮሮውን ለማርጠብ ማፍያውን እስከ አፉ ይሞላል። የሚፈልገው አንድ ስኒ ነው። የተረፈው ውሃ ቀዝቅዞ ያድርና ጠዋት እንደገና ይፈላል።

ጥበቡ ይበልጥ የሚገለጠው ግን ማቀዝቀዣ ሊገዛ ሲወጣ ነው። አንዱ በዋጋ ረከስ ይላል፣ ኃይል ግን ይበላል፤ ሌላው ወደድ ይላል፣ ጥቂት ይበቃዋል። የኃይል ፍጆታውን መለያ አያነብም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነብ ተጠራጣሪ ሰው ነው። ርካሹን አሸክሞ፣ የዋጋውን ልዩነት ኪሱ ከቶ፣ ድል እንዳደረገ ጦረኛ ይመለሳል። ማቀዝቀዣ ለዓመታት ቀንና ሌሊት እንደሚሠራ፣ ኪሱ የገባው ገንዘብም በቆጣሪው በኩል በየወሩ ሹልክ እያለ እንደሚወጣ ብትነግሩት «የነገን ማን ያውቃል?» ይላችኋል። ሂሳቡ ሲመጣ የሚረገመው መብራት አቅራቢው ነው። አሮጌው ማቀዝቀዣስ? እርሱማ አይጣልም፤ ጓዳ ገብቶ ሦስት ጠርሙስ እያቀዘቀዘ በክብር ይጦራል።

(ኃይል በላተኛ ዕቃ እየመረጡ ሂሳቡን ተከራይ የሚያስከፍሉ አከራዮችን እዚህ አልጨመርኳቸውም። የራሳቸው ድርሳን ይገባቸዋል።)

ከተአምራቱ ሁሉ የሚልቀው የአምፖሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ የእንፋሎት ሞተር በጥቂት የድንጋይ ከሰል ብዙ መሥራት ሲጀምር የከሰሉ ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም ብሎ ጽፎ ነበር። ለነገሩ በአብዛኛው ሰው ቤት እንዲህ ያለው መዘዝ የሚበላው የቁጠባውን ከፊል ብቻ ነው። የእኛ ጀግና ግን ከፊል ነገር አይወድም። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ነበረው፤ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ የሚባክን። እርሱን ጥሎ ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ገዛ። ብልህ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን የነካው የለም፤ «ቆጣቢ ነው እኮ፣ ምን ይበላል?» ይላል። ቆጣቢ ስለሆነም አንድ ከሥዕሉ በላይ፣ አንድ ከመደርደሪያው ሥር፣ ሁለት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሁለት ደግሞ ለጌጥ ያህል ጨመረ። ሰባቱም ሲበሩ ያድራሉ። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስንት እንደሆነ ማስላቱን ለቆጣሪው ትቶለታል።