ለኤች-ኢንዴክሱ እልል በሉለት

ባለፈው እሑድ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የምስጋና ግብዣ ላይ ታድሜ ነበር። ተመስጋኙ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የካንሰር ተመራማሪ። የት እንደሚሠራ አልናገርም፣ ቀናተኛ ይበዛበታል። መድረክ መሪው ማይኩን እፍ እፍ ብሎ «ከ120 በላይ ወረቀት ያሳተመ፣ ኤች-ኢንዴክሱ 31 የደረሰ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኤች ምን?» አሉኝ።

«ኤች-ኢንዴክስ፣ አባባ።»

«ያማል?»

«እሱን አያመውም።»

«ተመስገን!» አሉና ከሁላችንም በላይ አጨበጨቡ።

እንደ አባባ ላልገባችሁ፦ ይህን ቁጥር በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በነሱ ናቸው) ያወጣው ሆርሄ ኸርሽ የሚባል የካሊፎርኒያ ፊዚክስ ሊቅ ነው። 31 አለው ማለት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 31 ጊዜ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱ 31 ሥራዎች አሉት ማለት ነው። ተጠቀሱ አልኩ እንጂ ተነበቡ አልወጣኝም። የቁጥሩ ትልቁ ጸጋ ደግሞ ወደ ታች አለማወቁ ነው። የቡና ዋጋ ይወድቃል፣ ሹመት ይነሳል፣ ፀጉር ይመለጣል። ኤች-ኢንዴክስ ግን ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ጠቃሽ እስካልጠፋ ድረስ ያድጋል። ዕድራችን ለሟች እስከ ሠልስት ነው፤ ይኼ እስከ ዳግም ምጽአት።

የኛ ዶክተር እዚህ የደረሰው በቀልድ አይደለም። ቅርጫ ያያችሁ ሁሉ ጥበቡ ይገባችኋል። አንድ መጠይቅ ይዘጋጃል፣ አንድ ጊዜ ሕዝብ መሐል ይወርዳል፣ በሬው ይጣላል። ከዚያ ቢላዋው ይሳላል። እውቀቱ ሽንጥ ሆኖ ለአንዱ ጆርናል፣ አመለካከቱ ዳቢት ሆኖ ለሌላው፣ ተግባሩ ሻኛ ሆኖ ለሦስተኛው ይላካል። የተረፈው ቅንጥብጣቢ «ተዛማጅ ምክንያቶች» ይባልና አራተኛ ይወጣዋል። ሁሉም ርዕሳቸው ላይ «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ» የሚል ማኅተም አለባቸው፤ ሁሉም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው ያልቃሉ። ከዚህ የሚበልጠውን ግን ሰፈራችን አያውቅም፦ ሁለት ዓመት ቆይቶ መደቦቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ ተሰፍተው፣ በሬው እንደገና ይቆማል። ሜታ-አናሊሲስ ይሉታል፤ የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ ላይ መደመር መሆኑ ነው። የተበላ በሬ አስነስቶ የሚያርድ ሰው ባይጨበጨብለት ለማን ይጨበጨባል?

ዕቁቡም አለ። ዛሬ እኔ ባልሠራሁት ወረቀት ላይ ስሜን ታስገባለህ፣ ነገ አንተ ባላየኸው ላይ ስምህን አስገባለሁ። ዳኛ አይጠየቅ፣ ዋስ አይጠራ፣ ዕጣውም ለሁሉም በየወሩ ይወጣል። ይኼ የኛ ድክመት ነው የሚል ካለ ዓለምን ቀና ብሎ ይይ። በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት የለኩ ፊዚክሰኞች 5,154 ደራሲ ያለበት ጽሑፍ አወጡ፤ ከ33 ገጹ 24ቱ ስምና መሥሪያ ቤት ነው። የኛ ሰው የተዝካር ጥሪ ሲበዛበት የሚማረረው በከንቱ ነበር።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ሰው ራሱን ሲጠቅስ የሚያሙ አሉ። ጎበዝ፣ ፉከራ ወግ የሆነበት አገር ልጆች ነን እኮ! የገደለውን እሱ ካልፎከረ ማን ይፎክርለት?)

በየማለዳው ለዶክተሩ የሚመጣውን የኢሜይል ደብዳቤ ብታዩ ታለቅሳላችሁ። የማያውቁት ጆርናሎች «እጅግ የተከበሩ ሊቅ» ይሉታል፤ በአምስት ቀን እናወጣልዎታለን ይሉታል፤ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል የዶላር ሒሳብ ያስከትላሉ። ክፉዎች ፕሬዳተሪ፣ ማለትም አዳኝ፣ ይሏቸዋል። ጅማ ላይ ቀይ እሸት ከጀንፈል ሳይለይ በኩንታል የሚገዛ ነጋዴ ቢገኝ ገበሬው ሁሉ ይመርቀዋል፤ ታዲያ እነሱን ለምን እንረግማለን?

ከዶክተራችን ጋር ሳስተያየው የሚያሳዝነኝ ዴኒስ በርኪት ነው። ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። የሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ዕጢ አሳስቦት በ1958 አንድ ወረቀት ጻፈ፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ብልህ ቢሆን መንጋጋውን ለአራት ቆርጦ ያሳትመው ነበር። እሱ ግን በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አሮጌ መኪና ተሳፍሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። 10 ሳምንት፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በየሆስፒታሉ በር ቆሞ «ይኼን ዕጢ አይታችኋል?» እያለ ሲጠይቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የኛ ዶክተር ስንት ሜታ-አናሊሲስ ባስነሳ! ዕጢው በስሙ ተጠራ፣ በ1964 ከዕጢው ውስጥ ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ ተገኘ፤ እሺ፣ ተገኘ። ግን አቧራው!

ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ሱር ሃውዘንም ያው ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ከቫይረስ ነው ብሎ ዓመታት ሙሉ ሙጭጭ አለ፤ በ2008 ኖቤል ሰጡት፣ በ2018 መጨረሻ ክትባቱ የኛ አገር የ14 ዓመት ልጃገረዶች ክንድ ላይ ደረሰ። ክትባት የወሰደች ልጅ ደግሞ ማንንም አትጠቅስም።

ከግብዣው በኋላ ዶክተሩ እናት ቤት ቡና ገባን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ለክብር እንግዳው ተሰጥታለች። ቶናው ሲቀዳ ጥግ ተቀምጠው የነበሩ ጎረቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተርዬ፣ ሦስት ዓመት ሆነው መሰለኝ፣ ሁለት ልጆች ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ጡትዎ ላይ እብጠት ካዩ በኋላ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ምን ያህል ቆዩ ብለው 40 ጥያቄ ጠየቁኝ።»

የዶክተሩ ፊት በራ። «የኔ ጥናት ነው እኮ፣ እማማ! እሱ ብቻውን 62 ጊዜ ተጠቅሷል።»

«እሰይ! ምን አላችሁ ታዲያ?»

«ታማሚዎች ዘግይተው ይመጣሉ አልን።»

«ለምን አላችሁ?»

«የመንገዱ ርቀት፣ የገንዘብ እጥረት፣ ጸበል አስቀድሞ መሞከር… እነዚህ ተዛማጅ ምክንያቶች ሆነው ተገኝተዋል።»

«እሱንማ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አሉ እማማ።

ትንሽ ዝም ተባለ። ሲኒው ብቻ ነው የሚንቃጨለው። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጡ። አዲስ አበባ ሂጂ ተብለው የተጻፈላቸው ሪፈር ነው። ማኅተሙ ደብዝዟል።

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ፤ አንተ ወረቀት ታበዛለህ ሲሉ ሰማሁ።»

ዶክተሩ ተቀበላቸው። ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ፊቱን አየ፣ ቀኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ይኼኔ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጢን አለ። አውጥቶ አየው። ጥቅስ የሚቆጥረው ጎግል ስኮላር ነው።

«63 ገባ» አለ ቀስ ብሎ።

እናቱ ጀበናውን አስቀምጠው እልል አሉ።