ይድረስ ለፓሲቭ ቮይስ፣ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ በቀር ደህና ነኝ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» እንዳትል ራሴን ላስተዋውቅ። አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ትርጉም» ይላል። ሲቪ እጽፋለሁ። ማመልከቻ እተረጉማለሁ። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንግሊዝኛ አቃናለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንተ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቄ አትወጣም። አድራጊውን ሰውረህ «ተደረገ»፣ «ተወሰነ» እያልክ በሚመጣው ወረቀት ሁሉ ውስጥ አለህ። አንድም ቀን ግን ስትፈርም አይቼህ አላውቅም።

የተዋወቅነው ትምህርት ቤት ነው፤ ታስታውስ እንደሆነ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለው። በግራ አድራጊው የሚቀድምበት አክቲቭ፣ በቀኝ ተደራጊው የሚቀድምበት ፓሲቭ። በግራ በኩል ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቀው አበበ በሶውን በልቷል፦ «አበበ ኤት በሶ»። ሰውየው በልቶ ጨርሷል፣ ጉዳዩ አልቋል ስንል አንተ በቀኝ በኩል ብቅ አልክ፦ «በሶ ዋዝ ኢተን ባይ አበበ»። በሶው ከፊት ተቀመጠ። አበበ ከኋላ ተንጠለጠለ።

ሥርዓትህ ከባድ አይደለም። ተሳቢውን ወደ ፊት ማምጣት፣ «ቢ» የሚሉትን ረዳት ግስ ከጊዜው ጋር ማስማማት፣ ዋናውን ግስ በሦስተኛው መልኩ መጻፍ፣ ከዚያ አድራጊውን «ባይ» ብሎ መጨረሻ ላይ መጣል። አማርኛ በአንዲት «ተ» የሚጨርሰውን ሥራ እንግሊዝኛ ረዳት ቀጥሮ ነው የሚሠራው። ክፍሉ በሙሉ ሸመደደህ። ፈተና ላይ «ወደ ፓሲቭ ለውጡ» ሲባል እንለውጣለን። «ለምን ይለወጣል?» የሚል ጥያቄ ግን መጥቶብን አያውቅም።

መምህሩ ደወሉ ሊደወል ሲል አንዲት ነገር ጣል አደረገ። «አድራጊው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ፣ ባይ የሚለውን መተው ይቻላል» አለ። የከተማው ሰው ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይህቺን ብቻ ነው ይዞ የወጣው። አበበ ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። በሶው ተበላ፣ በቃ። ጫላስ? ጫላ ጩቤ ጨበጠ ሲባል ቢያንስ ማንን መሸሽ እንዳለብን እናውቅ ነበር። «ጩቤ ተጨበጠ» ከተባለ በኋላ ፖሊስ ቢመጣ ማንን ይይዛል? ጩቤውን?

በነገራችን ላይ፣ አንተን ወደን ወደን ከማትገባበት ቦታ ሁሉ አስገብተንሃል። በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዘው የምውለው ስህተት «ዋዝ ሃፐንድ» ነው። «አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ።» ይህን ያልጻፈ ተማሪ እስካሁን ወደ ሱቄ አልመጣም። አልፈርድባቸውም። በአማርኛ አደጋ «ይከሰታል»፣ ችግር «ይፈጠራል»፣ ግሶቹ ሁሉ ያንተን ልብስ የለበሱ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ሃፐን ተሳቢ የለውም። ተሳቢ የሌለው ግስ ደግሞ ወደ ፊት የሚያመጣው ነገር ስለሌለው ፓሲቭ አይሆንም። መድረስም፣ መተኛትም፣ መሞትም እንደዚያው ናቸው። እኛ ጋ ግን ገደብ የለህም። ሠርግ ላይ «ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ» እንላለን። «በዚህ በኩል ይኬዳል?» ብለን መንገድ እንጠይቃለን። መሄድን እንኳ ያለ ሄያጅ እንናገረዋለን። እንግሊዞች ይህን ቢሰሙ ይቀኑብናል።

አሁን ወደ ዋናው ክሴ ልግባ።

የሱቄ አከራይ ባለፈው በሩ ላይ ቆመው፣ የመኪናቸውን ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ «የኔ ልጅ፣ ኪራይ ተጨምሯል» አሉኝ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ዋጋውን የሚተምኑት እሳቸው ናቸው። ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው የሚከቱትም እሳቸው ናቸው። አነጋገራቸው ግን አሁን በሬዲዮ የሰሙትን ዜና የሚያደርሱ ነበር የሚመስለው።

«ማን ጨመረው አባባ?»

«ኧረ ኑሮው ነው እንጂ፣ ማን ይጨምራል ብለሽ ነው!»

ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ሊያጽናኑኝ የመጡ ነው የሚመስሉት። እኔም ግራ ገብቶኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ቢሮማ ስሄድ አንተን ብቻ ነው የማገኘው። ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ በየመስኮቱ ተቀምጠሃል። «ሲስተም ተቋርጧል።» «ፋይልዎ ተዛውሯል።» «ጉዳዩ እየታየ ነው።» ከሁሉ የምፈራው ግን «ይደወልልዎታል» የምትለዋን ነው። ይደወልልሃል የተባለ ሰው ስልኩን ታቅፎ ይከርማል። ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ይገባል። ማን እንደሚደውል ስለማያውቅ፣ ሳይደወል ሲቀር ማን ላይ እንደሚናደድም አያውቅም።

ሐቁን ለመናገር አንዳንዱ ጥፋት ያንተ አይደለም። «መብራት ጠፋ» ስንል አንተ የለህበትም። ጠፋ ፓሲቭ አይደለም። መብራቱ ራሱ ጫማውን አድርጎ የወጣ ነው የሚመስለው። አድራጊው የተሰወረበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ባንተ የሚያሳብቡ አሉ። ያንን ክስ አንስቼልሃለሁ።

ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ ነው የጠመደኝ እንዳትል። ትልልቅ ሰዎች ጋም ሠርተሃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 ለኮንግረሱ ባቀረበው የመጨረሻ ዓመታዊ መልእክቱ ስህተቶች እንደተሠሩ ተናግሯል። እሱ እንኳ ይሻላል፣ «አምናለሁ» የምትል ቃል ጨምሮበታል። በ1987 ሌላው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ከኢራን ጋር ስለነበረው የጦር መሣሪያ ጣጣ ሲናገር ያው አንተኑ ጠራህ፤ ከባድ ስህተቶች ተሠርተዋል አለ። ማን ሠራቸው? አንተ ነህ የምታውቀው። ዊልያም ሽናይደር የሚባል የፖለቲካ ተንታኝ ለዚህ አነጋገር ስም አውጥቶለታል። ወደኛ ሲመለስ «ከወቀሳ ነጻ የሚያወጣ ኃላፊ ጊዜ» እንደማለት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ኃላፊ ጊዜ ሞልቷል፣ ኃላፊ ነው የጠፋው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ በጻፈው መጣጥፍ፣ በአክቲቭ መናገር እየቻላችሁ ወደ ፓሲቭ አትሂዱ ብሎ መክሯል። ታዲያ በዚያው ጽሑፍ፣ ሰዎች አንተን ያበዛሉ ብሎ የከሰሰበት ዓረፍተ ነገር ራሱ በፓሲቭ የተጻፈ ነው። ከሳሽህን እንኳ ጸሐፊው ሆነህ አገልግለሃል። ይህን ያህል ሥራ ወዳድ መሆንህን አልክድም።

የሚያምርብህም ቦታ አለ። ከሱቄ ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ሲኬድ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። «ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ ተገኘች» ሲባል ቅር አይለኝም። ወሬው ስለ እሷ ነው። ድንቅነሽ ከፊት ትቁም። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ካስፈለገ «ባይ» ብሎ ከኋላ ይገባል፤ ነውር የለውም። ፒያሳ ታክሲ ስትጋፋ የቆየች ልጅ «ስልኬ ተሰረቀ» ብላ ብትገባም እውነቷን ነው። ሌባውን ብታውቀው ኖሮ መች ሱቅ ትገባ ነበር፣ ኡኡ ትል ነበር እንጂ።

ተማሪዎቹም በመመረቂያ ጽሑፋቸው «ዳታ ወር ኮሌክትድ» ሲሉ ዝም እላለሁ። በሳይንስ ጽሑፍ የተለመደ ነው። ማንም ሰበሰበው ማን፣ አሰባሰቡ አንድ ዓይነት ከሆነ ውጤቱም አንድ መሆን አለበት ነው ነገሩ። አንዱን ተማሪ ግን እንዲያው ለወሬ ያህል «ለመሆኑ ማን ሰበሰበልህ?» አልኩት። «የአክስቴ ልጆች» አለኝ። መጠይቁንም ሳሎን ቁጭ ብለው ነው አሉ የሞሉት። እዚያ ቤት ደግሞ ምን ያህል እንደሠራህ ይታይህ።

ቆይ፣ ያላጫወትኩህ አንድ ነገር አለ። እሱን ካልነገርኩህ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ነው።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ዱባይ ላለው ዕቃ አቅራቢያቸው ክፍያው ለምን እንደዘገየ ማስረዳት ፈልገዋል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ያቀረቡት ጥያቄ ታይቶና ተመርምሮ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑ እንዲገለጽልዎ ተወስኗል።» በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ቦታ እንደተቀመጥክ ተመልከት! ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፎበታል። ቲተሩ ደብዝዟል። ከቲተሩ በላይ ደግሞ በእስክሪብቶ «ለ» ተብሎ ተጽፏል። የፈረመው ሰው ራሱ በሌላ ሰው ፋንታ ነው የፈረመው።

እንዳለ ተረጎምኩት፦ «ኢት ሃዝ ቢን ዲሳይድድ» ብዬ። በማግስቱ ስልካቸውን ዘርግተው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያለኝ ነው?»

ስልኩ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «ባይ ሁም?»

«ማን ነው የወሰነው እያለ ነው ጋሼ።»

«እኔስ እሱን አይደል እንዴ የምፈልገው! ስድስተኛ ፎቅ ውጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ ውረድ ሲሉኝ የከረምኩት በምን ሆነና!»

እንዲህ ከሆነ አክቲቭ ላድርግልዎ አልኳቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ከፊት አስቀመጥኩ፣ ግሱን አቀናሁ፣ አንተን በአንድ ጣቴ ሰረዝኩህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ «ዲሊት» ተጭኜ አላውቅም። ከዚያ በአማርኛ አነበብኩላቸው፦ «ይህ መሥሪያ ቤት ጥያቄዬን ውድቅ አደረገው።»

ጋሼ ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በቀር ማንም የለም።

«ተይ! ተይ እንጂ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስም አትጥሪብኝ። ነገ እኮ የምሄደው እዚያው ነው።»

«እና ምን ልበል?»

«እንደነበረ አርጊው። ተወስኗል በይ።»

መለስኩህ። ሒሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። የዱባዩ ሰውዬ ምን እንዳለ አላወቅኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልሰድብህ ምላሴ ይያዛል። የአለቆች ሎሌ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ለካ ወሳኙ ከባለጉዳዩ ሲሸሽ የሚሸሸው ወዳንተ ነው፤ ባለጉዳዩም ወሳኙን ሲፈራ የሚጠጋው አንተኑ ነው። ሁለቱም አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው አይተያዩም።

ስለዚህ ከተማውን ለቀህ ውጣ አልልህም። ብትወጣ ግማሹ ቢሮ የሚናገረው ያጣል፣ የጋሼም ጉዳይ ይበላሻል። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአከራዬ አፍ ውጣልኝ። መጨመራቸው ካልቀረ ይጨምሩ። ግን «ጨመርኩብሽ» ይበሉኝ። ቢያንስ «አይጨምሩብኝ» ብዬ የምለምነው ሰው ይኑረኝ። ኑሮን እንዴት አድርጌ ልለምን?

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ አለው፤ ያለ «ለ»፣ በራሴ እጅ)

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ
አይመለከተኝም ለሚለውም