«ልኬያለሁ» ብር አይደለም

የዲጂታል ክፍያ ነገር በተነሣ ቁጥር የምትደጋገም አንዲት አባባል አለች፦ በቴሌብር አልቀበልም የሚል ባለሱቅ ወይ አልገባውም፣ ወይ ግብር እየሸሸ ነው። ሦስተኛ ምክንያት የለም መሰላችሁ?

የግብሩ ክስ ከሁሉም ይቀላል። ግብሩ በግምት የተጣለበት ባለኪዮስክ የመቶ ብር ሳሙና በጥሬ ገንዘብ ሸጦ ምኑን ይደብቃል? ግምቱ እንደሆነ ቀድሞ ተቆልሎበታል።

«አልገባውም» የሚሉት ግን ሱቅ ደጃፍ ቆመው አያውቁም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል። አንዱ ዘይትና ስኳር ይዞ «ልኬያለሁ» ይልና ስልኩን ያሳያል። የሚያሳየው ግን የራሱን ስልክ ነው። ያ ምስል የትናንት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑንና የብሩን መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ለባለሱቁ ስልክ የገባውም መልእክት ቢሆን ቃላቱ አይታመኑም፤ ማንም ገልብጦ ከራሱ ቁጥር ሊልካቸው ይችላል። መታየት ያለበት ላኪው የቴሌብር ቁጥር 127 መሆኑ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀሪ ሂሳቡ ነው። ቀሪ ሂሳብ ለማየት *127# መደወል፣ ከዝርዝሩ መምረጥ፣ የሚስጥር ቁጥር ማስገባት፣ መጠበቅ። እስከዚያ ሁለቱ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻግሯል።

ኔትወርክ ሲጨናነቅማ መልእክቱ ይዘገያል። ገዢው «ከእኔ ተቆርጧል እኮ!» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ባለሱቁ ወይ ሐቀኛ ደንበኛውን ሌባ ያደርጋል፣ ወይ ዕቃውን በእምነት ይሰጣል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ይህማ ዱቤ ነው! ዱቤ ደግሞ ቢያንስ በደብተር ይጻፋል።

የባሰው ገና ነው። መስመሩ በባለቤቱ ስም፣ ስልኩም በባለቤቱ ኪስ ነው። እሱ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል። ሱቅ የቀረችው ልጅ «230 ብር ገብቷል?» እያለች ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትደውልለታለች። ስልኩን ከሚስጥር ቁጥሩ ጋር ትቶላት ይሂድ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ የራሱን ካዝና ቁልፍ ለሠራተኛው ይስጥ።

ቴሌብር የዝርዝር ብር ጣጣን አቃሎልናል፤ ይህን አልክድም። ግን ሁሉም አደጋ በሻጩ ትከሻ ላይ ተጭኖ ሳለ ሻጩን መስደብ ምን ይሉታል? በህንድ ገንዘቡ ሲገባ መጠኑን ጮክ ብላ የምትናገር ትንሽ ሳጥን ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሻጩም ገዢውም እኩል ይሰማሉ፣ የባለቤቱ ስልክ የትም ይሁን የት። እዚህ በየጉልቱና በየኪዮስኩ የትኛዋ ሳጥን ነው የምትናገረው?

ስለ መስመር መቋረጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራምና ፌስቡክ ለወራት ሲታገዱ ልብስና ጫማ በቻናል የሚሸጡት ደንበኞቻቸው ቪፒኤን እስኪያወርዱ ጠበቁ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲጠፋ የቴሌብር መተግበሪያ ዝም አለ፤ የቀረው *127# ብቻ ነበር። ያኔ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» ብሎ ካርቶን የለጠፈ ነጋዴም አልገባውም ነበር?