ይድረስ ለክቡር «ዝርዝር የለም»

ቁጥር፦ ዝርዝር ሲገኝ ይሞላል
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? መቼም እርስዎ ደህና ነዎት። ጠዋት መገናኛ፣ ማታ ሜክሲኮ አገኝዎታለሁ። የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው እንጂ እርስዎስ ጠፍተው አያውቁም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም። የከተማው ሰው ስምዎን በክፉ ሲያነሳ ሰለቸኝ። ውለታዎን የሚቆጥርልዎ ጠፋ። እስቲ አሁን አዲስ አበባ ላይ የማይተዋወቅን ሰው በማስተዋወቅ ከእርስዎ የሚበልጥ ማን አለ? ሰው ታክሲ ውስጥ የሚገባው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ቦርሳውን አቅፎ ነው። ጎኑ የተቀመጠው ሰው «እንደምን አደርክ» ቢለው መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። እርስዎ ግን በአንዲት አሥር ብር ሁለት ባዕድ ያስተሳስራሉ።

አሠራርዎን ሁሉም ያውቀዋል። ረዳቱ «ሒሳብ ወጣ ወጣ!» ይላል። ይወጣል። ረዳቱ ብሮቹን በጣቶቹ መሀል እንደሰካ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ትንሽ ያስባል። ከዚያ አንድ አሥር ብር መዘዝ አድርጎ ለእኔ ይሰጥና፣ ጎኔ ያሉትን እናት በአገጩ እያመለከተ «የሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ» ይላል። አለቀ። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይቆጠር የጋራ ንብረት አፈራን።

ከጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ የሆነውን ላጫውትዎ። እናት ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና «ልጄ፣ አንተ ያዘው» አሉኝ።
«ኧረ እናቴ፣ እርስዎ ይውሰዱት።»
«በሞቴ!»
«እኔ ልሙት፣ አልወስድም!»

በአምስት ብር ሁለት ሰው ሊሞት ሆነ። ፊት ያለው ጎልማሳ ዞሮ «እኔ ጋ አምስት አይጠፋም» ብሎ አራት ኪሱን ፈተሸ። ጠፋ። ኋላ ያለች ተማሪ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም፣ የፀጉር መያዣና ግማሽ እርሳስ ወጣ። ሳንቲሞቹን ልትሰጠን ዘረጋች፤ «ለመመለሻሽ ይሁንሽ» አልናት፣ እናትና እኔ፣ እኩል። ይኸው አስቡት፣ ሳናውቀው ልጅም አፍርተናል።

ሜክሲኮ ስንደርስ አብረን ወርደን ሱቅ ፍለጋ ሄድን። መንገድ ላይ ጉልበታቸው ክረምት ሲገባ እንደሚነሳባቸው፣ ቤይሩት ያለችው ልጃቸውም ዘንድሮ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ እንደቀረች ነገሩኝ። ዘንቢሉን ተቀበልኳቸው። ባለሱቁ «ሳትገዙ አልዘረዝርም» አለ። እናት በአምስት ብር ሶፍት ወሰዱ። የእኔን አምስት ብር ለመቀበል እጄን ብዘረጋ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ልስጥህ?»

ክቡርነትዎ፣ እዚያም ቀድመውኝ ደርሰዋል።

እናት ሲለዩኝ «እደግ፣ ተመንደግ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው መረቁኝ። ረዳቱ ዝርዝር ቢኖረው ይሄ ምርቃት ከየት ይመጣ ነበር? አፌ ውስጥ ማስቲካ፣ ላዬ ላይ ምርቃት ይዤ ሥራ ገባሁ። አረፈድኩ እንጂ።

ስለ አንድነት ያበረከቱትንም ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስነት ነው። አንዱ «መልሴን!» ብሎ ሲነሳ ከጋቢና እስከ መጨረሻ ወንበር አንድ ድምፅ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ትልቅ ነገር ሲወራ በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያየው ሁሉ በአንድ ብር ጉዳይ ጀግና ይሆናል። «ብሩ አይደለም፣ ንቀቱ ነው!» ይላል፣ ብሩ የእሱ ያልሆነው ሰውዬ።

ታሪክዎንም አልዘነጋሁም። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ 10፣ 50 እና 100 ብር አዲስ ልብስ ሲለብሱ፣ ባለ 200 ብሩም ሲወለድ፣ አምስት ብር በአሮጌ ልብሱ ቀረ። ለእርስዎ ሠርግና ምላሽ ነበር። ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ላይማ ሚዛን ተቀርጿል። ሚዛኑ ረዳቱ ኪስ ውስጥ ሲንሿሿ እሰማዋለሁ። ለእኔ ግን ወጥቶ አያውቅም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ «በቃ፣ ሰውዬው ጡረታ ወጡ» ብዬ ደንግጬልዎት ነበር። የቸኮልኩት በከንቱ ነው። አንድ ቀን «በቴሌብር ልክፈል?» ብዬ ብጠይቀው ረዳቱ «ኔትወርክ የለም» አለኝ። ወንድምዎ መሆኑን በድምፁ ለየሁት። ባንክ ቤት የምትሠራው እህትዎ «ሲስተም የለም»ም ሰላም ብላዎታለች። ዘራችሁ ይባረክ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። በቀደም ወደ አራት ኪሎ ስንሄድ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ 200 ብር አወጣች። ረዳቱ «በጠዋቱ ሁለት መቶ? ከየት አምጥቼ ልመልስልሽ! ውረጂ» አላት። ልጅቷ ቀላች። እንባዋ መጣ። መጨረሻ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ፣ ጫማው ሲሚንቶ የለበሰ ሰውዬ ሳይነቃ በሚመስል ድምፅ «የሷን ከእኔ ቁረጥ» አለ። አምባሳደር ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ። ልጅቷ አመሰግናለሁ ለማለት አንገቷን ስታወጣ ሰውዬው መንገዱን ተሻግሯል።

እርስዎ ይሄንንም «በእኔ ምክንያት ነው» ብለው እንደሚመዘግቡት አውቃለሁ። ይተዉት። ሰውዬው የቀን ሥራ ሠርቶ ያገኘውን ነው የከፈለው። እርስዎ እዚያ ባይኖሩ ኖሮ ልጅቷ መልሷን ተቀብላ፣ እሱም እንቅልፉን ጨርሶ ይወርድ ነበር። ክፋትዎን ለራስዎ ይያዙ፣ የሰውን ደግነት ለሰው ይተዉለት።

ለማንኛውም፣ ብዙ ደክመዋልና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ቢወጡልን። ሐሙስ ይሁን ግድ የለም። መልሳችንን በየእጃችን ተቀብለን፣ ምንም የጋራ ንብረት ሳይኖረን «እንደምን አደሩ» መባባል እንችል እንደሆነ አንዴ እንሞክረው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ መልስ የሚጠብቅ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ ለ«ኔትወርክ የለም» (ኔትወርክ ሲኖር ይላካል)
ለባለሱቁ (ማስቲካው ግማሽ መንገድ ላይ ጣዕሙን ጨርሷል)
አምባሳደር ለወረደው ሰውዬ (አድራሻው ስላልታወቀ፣ የሚያገኘው ሰው በቃል ያድርስልን)