የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ሰባት ጫማ መሆኑን ሁሉም ነገረኝ፤ ሲነቃቀል ስንት እንደሚሆን የነገረኝ ግን የለም

አርባ ምንጭ ከገባሁ ሦስት ሰዓት አልሞላኝም፤ የዘንጉን ማኅደር የከፈትሁት ደግሞ አሁን ከ20 ደቂቃ በፊት ነው። ዘንጌ ተሰብሯል። ሦስተኛው ቁራጭ፣ ያ ቀጭኑ፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ ተቀንጥሷል። የካርቦኑ ጭረቶች እንደ ተሰነጠቀ ሸንበቆ ተበታትነው ቆመዋል፤ ከስብራቱ በላይ ያለው ክፍል በቫርኒሹ ቅርፊት ብቻ ተይዞ ተንጠልጥሏል። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀምሁለት ጉዞ ነው። ነገ ማለዳ ጫሞ ላይ ጀልባ ይጠብቀኛል። ይህን የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ዘንጉ እንዴት ወደ ጭነት ክፍል እንደ ገባ ልንገራችሁ። ዋሽንግተን፣ ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ ፍተሻውን ያለ አንዳች ችግር አልፌ ነበር። የአሜሪካ የጉዞ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግን በእጅም ሆነ በጭነት ይዞ መጓዝን ይፈቅዳል፤ ትልልቅና ስለታም መንጠቆዎች ግን ተሸፍነው በጭነት ሻንጣ እንዲገቡ ይመክራል። መንጠቆዎቼን በሙሉ አንድ በአንድ በቡሽ ሸፍኜ ወደ ጭነቱ አስገብቼ ነበር። ፈታሾቹ የዘንጉን ቱቦ (ማኅደሩን ማለቴ ነው) በመሣሪያው አሳልፈው፣ ከፍተው አይተው፣ መልካም ጉዞ ብለው ሰጡኝ። መሳፈሪያው በር ላይ የቆመው ልጅ የአገሬ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ሲያናግረኝ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ዱላ ይዘው ነው የሚገቡት?» አለኝ።

«ዱላ አይደለም፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፤ ተገጣጣሚ ነው» አልሁት።

«እስቲ እዚህ ውስጥ ይክተቱት።»

በእጅ የሚያዝ ሻንጣ የሚለካበትን የብረት ሳጥን ታውቁታላችሁ። ርዝመቱ 56 ሳንቲሜትር ነው፤ የእኔ ቱቦ ደግሞ 79 ነው። 23 ሳንቲሜትር ከላይ ተርፎ ቆመ። በስልክ ደውዬ መጠየቄን፣ ዘንግ በእጅ መያዝ እንደሚቻል ከድርጅታቸው ሰው መስማቴን ነገርሁት። የነገረኝን ሰው ስም ጠየቀኝ፤ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እርስዎው ቀርቶ አንተ ሆንሁ። «በቃ ስጠኝ፤ አታስቸግረኝ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ፤ ለባልደረባውም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዓሣ ለማጥመድ ነው አሉ ኢትዮጵያ ድረስ የሚሄደው!» አለው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «ስጠው እንጂ ልጄ፣ እንግባበት» አሉኝ፤ በእርሳቸው አልቀየምም፣ እግራቸው ደክሞ ነበር። የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ልጄ በሚሆን ወጣት ፊት እንደ ተቆጡት ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ዘንጌን አስረከብሁ። በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት እንዲለጥፍበት ለመንሁት፤ እጁን አወናጭፎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ማኅደሩ ጨርቅ ነው፤ ከጨርቁ በታች ያለው ፕላስቲክ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ከባድ ሻንጣ ሲጫንበት ምን ሊሆን እንደሚችል ለእኔም ለእርሱም ግልጽ ነበር።

ነገር ግን የልጁ በደል ትንሹ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሻጩ ነው። ዘንጉ «ባለ ብዙ ቁራጭ፣ ለአውሮፕላን ጉዞ የተመቸ» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከመግዛቴ በፊት በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ «ሲነቃቀል፣ ቱቦውን ጨምሮ ስንት ሳንቲሜትር ነው?» አልሁ። «ሰባት ጫማ ነው፤ ባለ ሦስት ቁራጭ ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያው መልስ መጣ። ሰባት ጫማ ተገጣጥሞ ሲቆም ያለው ርዝመት ነው፤ 213 ሳንቲሜትር መሆኑን እኔም አውቃለሁ። መንገደኛ የሚፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በሣጥኑ ላይም፣ በማስታወቂያውም፣ በመመሪያው ወረቀትም የለም። ዕቃው ደጄ የደረሰው ከጉዞዬ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼ 79 መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው፤ ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ሰባት ጫማውን ለሦስት ሲያካፍሉት አንዱ ቁራጭ 71 ይሆናል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሰካበት መጋጠሚያና የቱቦው ክዳን ሲጨመሩ 79 ይሞላል። ለአራት ቢካፈል ቁራጩ 53 ይሆን ነበር፤ በቱቦው 60 ቢደርስም 56 በ36 በሆነ ሻንጣ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ አጋድመው ሲያስቀምጡት ይገባል፤ አግዳሚው 66 ያህል ነውና። ባለ አምስት ቁራጭ ቢሆን ደግሞ ከልብሴ መካከል ተኝቶ ማንም ሳያየው አርባ ምንጭ ይደርስ ነበር። ቁራጭ ሲበዛ ዘንጉ መጋጠሚያው ላይ ይደነድናል፣ ክብደትም ይጨምራል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ በድሮዎቹ ዘንጎች እውነት ነው፣ በደንብ በተሠራ የዛሬ ካርቦን ላይ ግን ልዩነቱን እጄ ለይቶት አያውቅም። የሚያስፈልገው መጋጠሚያውን ጥቂት ሰም መቀባትና በየሰዓቱ እንዳይላላ መዳሰስ ብቻ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ጧፍ ነው የምቀባው፤ ንጹሕ የንብ ሰም ስለሆነ ይስማማዋል።

እንደ አንቴና የሚመዘዘውን ግዛ የምትሉኝም አትድከሙ። ከሦስት ዓመት በፊት ገዝቻለሁ። 45 ሳንቲሜትር ነበር፤ ሻንጣዬ ውስጥ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጫሞ ላይ አሸዋ ገባበትና ሁለቱ ክፍሎች አልመዘዝም አሉ፤ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች እየዞሩ መስመራቸውን ሳቱ፤ ዓሣ ሲይዝ ደግሞ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። የናይል ፐርች ከ100 ኪሎ በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው። እኔ የያዝሁት አሥራ አምስት ኪሎ እንኳ አይሆንም ነበር፤ ክሩን በጥሶ ሄደ። ዓምና ደግሞ ሳይሰበር ይድረስ ብዬ ባለ ሁለት ቁራጩን በወፍራም የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ውስጥ አሽጌ በጭነት ላክሁት። የሦስቱ ጎኖች ድምር 138 ሳንቲሜትር ነበር፤ የተፈቀደው 158 ነው። ሆኖም «ልዩ ጭነት ነው» ተብሎ 75 ዶላር ከፈልሁ። ሲመለስም ከፈልሁ።

ለባሌው የትራውት ዓሣ የሚሆን፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት ባለ አራት ቁራጭ ዘንግ በየሱቁ ሞልቷል። በዲንሾ አካባቢ የሚያጠምደው ጓደኛዬ በዚህ ተቸግሮ አያውቅም፤ የእርሱ ዘንግ እንደ ሰንበሌጥ ቀጭን ነው። ለናይል ፐርች የሚሆን፣ ወፍራም ክር የሚችል፣ ከወገቡ የማይልፈሰፈስ፣ ከዚያም ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ቁራጭ የሆነ ዘንግ መፈለግ ግን ወራት ይፈጃል። የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ነው በሦስት ቁራጭ የተሸነገልሁት።

በእጄ ለመጠገን ሞክሬአለሁ። የጫፏ ቀለበት በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ስለምትጣበቅ፣ ጧፉን አብርቼ ከነበልባሉ ትንሽ ራቅ አድርጌ አሞቅኋትና ወለቀች። ከስብራቱ በታች ባለው ላይ ልሰካት ስል አልገባ አለች፤ እዚያ ዘንጉ ይወፍራል፣ የቀለበቷ ቀዳዳ ደግሞ የተሠራው ለቀጭኑ ጫፍ ነው። ካርቦኑን በምላጭ ፋቅሁት፤ ጭረቱ ጣቴ ውስጥ ገባ። ተውሁት።

ለሻጩ የስብራቱን ፎቶ ልኬ፣ ያችኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ጽፌለታለሁ። አንብቦታል፤ አልመለሰም። ጀልባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል። የወንድሜ ልጅ ከአጠገቤ ተቀምጦ ያለ ዘንግ በእጄ እንድጎትተው ክሩን ከማጠንጠኛው (ከሪሉ) ላይ እየፈታ በባዶ የውኃ ጠርሙስ ላይ እየጠቀለለልኝ ነው፤ «ጋሼ፣ ለእጅዎ ጓንት ከየት እናምጣ?» እያለ ይጠይቀኛል።