የ384 ነገር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሥራ እሠራለሁ። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ደጋግሜ ያየሁት 384ን ነው። የአንድ ገጽ ዋጋ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል፤ የደስጣ ወረቀት ዋጋም ሰማይ ነክቷል፤ 384 ግን ንቅንቅ አላለም። ስለ ቱሪዝም የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ናሙናው 384 ሰው ነው። ስለ ዶሮ እርባታ ስጠርዝ 384። ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ባንክ አገልግሎት፣ ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ኑሮ፣ ሁሉም 384። መጀመሪያ ላይ እንደ አርባ አራቱ ታቦት ያለ የከበረ ቁጥር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለባለቤቴ “ይህች ቁጥር ምሥጢር አላት” ብላት፣ “ምሥጢሯ አንዱ ከሌላው መገልበጡ ነው” ብላኝ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ለካ ሁለታችንም ተሳስተናል። ነገሩ የተገለጠልኝ የእህቴ ልጅ ለትምህርት መጥታ እኛ ቤት ስታርፍ ነው። ኢኮኖሚክስ ገና ጀማሪ ናት፤ ጀማሪ ደግሞ የተማረውን ሁሉ በዚያው ሳምንት ካላስተማረ አይተኛም።

“ጋሼ፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚሰላው እንዲህ ነው፤ 1.96ን በራሱ ያበዙታል፤ የወጣውን በ0.5፣ እንደገና በ0.5 ያበዙታል፤ ከዚያ ለ0.05 ካሬ ያካፍሉታል። 384.16 ይመጣልዎታል” አለችኝ ስልኳ ላይ እየመታች። 1.96 የ95 ከመቶ መተማመኛ ነው። 0.05 ደግሞ ልንታገሠው የፈቀድነው ስሕተት። “0.5ስ?” አልኳት። “እሱማ ስለ ጉዳዩ አስቀድመን የምናውቀው ነገር ከሌለ የምናስገባው ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠን እሱ ነው” አለች። አለማወቅ በቁጥር ሲጻፍ 0.5 መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይህን ቁጥር ግንባራቸው ላይ ልጽፍላቸው የቃጣኝ የሰፈር አዋቂዎች ስንት ናቸው! መጠይቁን ሳይመልስ የሚቀር አይጠፋም ብለው አሥር በመቶ ሲያክሉበት ደግሞ 423 ይሆናል። የ423 ወገኖች ከ384 ወገኖች ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው፤ ኮፒም በብዛት ስለሚያስነሡ እወዳቸዋለሁ።

ሌላው ቀመር ያማኔ የሚሉት ነው፤ ያንኑ 0.05 ስሕተት ይዞ የሕዝቡን ጠቅላላ ብዛት ያስገባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪ ነበራት። በያማኔ ስንመታው ይህን ሁሉ ሕዝብ ለማወቅ 400 ሰው መጠየቅ ይበቃል። 120 አባላት ያሉትን እድራችንን ላጥና ብዬ ብነሣ ግን ያው ቀመር 93 በር አንኳኳ ይለኛል። ከተማን ለማወቅ 400፣ ሰፈርን ለማወቅ 93! ይህን ለእድራችን ዳኛ ባጫውታቸው ምንም አልደነቃቸውም። “ልክ ነው፤ የሚያስቸግረው መቼም የሰፈር ሰው ነው” አሉ።

የቁጥሩ ነገር ግን ቀላሉ ነው። ቁም ነገሩ 384ቱ ሰዎች ከየት መጡ የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ጤፍ ከምትገዛ ሴት መማር ይቻላል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ጤፍ ዞር ብላም አታየውም። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ እጇን ወደ ጆንያው ሆድ ትሰዳለች። ከታች ጭብጥ ሙሉ ታወጣለች፤ መዳፏ ላይ ዘርጋ አድርጋ እፍ ትልበታለች፤ ከእፍታው የተረፈውን ቆንጠር አድርጋ በፊት ጥርሷ ታደቃለች። አሸዋ ካለ ጥርስ አይዋሽም። ነጋዴው “ያው ነው እሜቴ፣ ሁሉም ያው ነው” እያለ ይምላል። እሷ መልስ ሳትሰጥ ወደ ሁለተኛው ጆንያ አልፋለች። ነጋዴ የተበጠረውን ላይ፣ ያልተበጠረውን ታች እንደሚያደርግ ከእናቷ ተምራለች። የናሙና አወሳሰድ ኮርስ አልወሰደችም፤ ወስዳ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከላይ ቆንጥራ ትሄድ ነበር።

እዚያው ቅቤ ተራ ላይ ጆርጅ አከርሎፍ ይገኛል። ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ፣ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ገዢ ደጉን ዕቃ ከክፉው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደግ ዕቃ የያዘው “አልሸጥም” ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለክፉው ይቀራል። ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ገዝታ ያነጠረችው ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ “ለዚህ ነው የተሸለመው?” አለች። እሷ ያን ጊዜ ያገኘችው ሽልማት በድስት ውስጥ የቀረ አተላ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትገዛው ከአንዲት ደንበኛዋ ብቻ ነው፤ ዋጋም አትከራከራትም።

ወደ 384ቱ ልመለስ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አንደኛው እኔ ነኝና። ተማሪው መጠይቁን አባዝቼ ሳስረክበው ከላይ አንዱን ይመዝና “ጋሼ፣ ይችን ቢሞሉልኝ” ይለኛል። ቀጥሎ ጎረቤቴ ወደ ሆነው ፀጉር አስተካካይ ይገባል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ጀበና ቡና ወደምትሸጠው ልጅ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ወዳለው ፋርማሲስት። እኛ አራታችን ያልወከልነው የኅብረተሰብ ክፍል የለም። እኔ ብቻዬን በአንድ ወር ውስጥ የሆቴል እንግዳ፣ የባንክ ተበዳሪና አነስተኛ ገበሬ ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ ስለ እናቶች ጤና የተዘጋጀ መጠይቅ መጣ። “ስንት ጊዜ ወልደዋል?” ይላል። ልጁ ቸኩሏል፣ እኔንም ይሉኝታ ያዘኝ፤ “ሁለት” ብዬ ሞላሁ። ባለቤቴ የወለደቻቸውን ቆጥሬ ስለሆነ ውሸት የለበትም።

መጠይቁ ውስጥ ያሉት አምስት ሳጥኖች፣ ማለትም ከ“በጣም እስማማለሁ” እስከ “በጣም አልስማማም” የተደረደሩት፣ ሬንሲስ ሊከርት በሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመሩ ናቸው። ሰውየው ጎንደር ደርሶ ቢሆን አንድ ሳጥን ይጨምር ነበር። ሰው ፊታችን ቆሞ “አገልግሎቱ እንዴት ነው?” ሲለን መልሳችን “እግዚአብሔር ይመስገን” ነው። ይህ መስማማት ነው? አለመስማማት ነው? ገለልተኝነት ነው? “እግዚአብሔር ይመስገን” የሚል ሳጥን ያለው መጠይቅ እስከ ዛሬ ኮፒ አድርጌ አላውቅም።

ከማይጠየቀው ሰው ደግሞ የማይመጣው ይብሳል። እድራችን የሚሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ባለፈው ዳኛው ተነሥተው “ቀኑ የማይመቸው ካለ እጁን ያውጣ” አሉ። አንድም እጅ አልወጣም፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ “የማይመቸውማ አልመጣም!” እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ያንኑ አድርጎ ጉድ መሆኑንም አወራችን። ወደ 10 ሚሊዮን ወረቀት በትኖ፣ 2.4 ሚሊዮን ያህል መልስ ሰብስቦ፣ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን የተባለው ዕጩ ሥልጣን ላይ ያለውን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። አድራሻዎቹን የለቀመው ግን ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ኖሯል፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ መቼም ግልጽ ነው። የመለሱትም ንዴት ያለባቸው ይበዙ ነበር። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠርጎ ወሰደ፤ መጽሔቱም ሁለት ዓመት ሳይዘልቅ ተዘጋ። የእድራችን ዳኛ ታሪኩን በጥሞና አዳምጠው፣ “እድራችን ግን አልተዘጋም” አሉ።

ስለ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ ማለትም አንዱን ስትመርጥ ስለምትተወው ነገር ዋጋ፣ ብዙ አልናገርም፤ ቤቴን ሊያፈርሰው ነበር። ልጅቱ በሚካኤል ቀን ሱቄን ዘግቼ የማኅበር ጠላ ስጠጣ የሚያመልጠኝን ገጽ ቆጥራ አስደነገጠችኝ። ባለቤቴ ተቀብላ፣ እንግዲያውስ እሷ በሃያ ዓመት ውስጥ የተወችው ሁሉ ይሰላልኝ አለች። ትምህርቱ በዚያው ቆመ።

የቡናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን በኤሌክትሪክ ምድጃ የፈላ ቡና አይጠጡም። “ሲኒው ከንፈሬን ሳይነካ አውቀዋለሁ” ይላሉ። ይህን ሲሉ የእህቴ ልጅ ዓይን በራ። ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው የሙከራ ንድፍ መጽሐፍ ውስጥ፣ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ በኋላ ቀምሼ እለያለሁ ስላለች ሴት ጽፏል። ስምንት ስኒ፣ አራቱ እንዲህ፣ አራቱ እንዲያ፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ። ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጫ መንገድ 70 ነው፤ ስለዚህ በግምት ብቻ ሁሉንም በትክክል የመለየት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው።

“ስምንት?” አሉ እትዬ። “ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ስምንተኛው ማን ሊባል ነው?”

“ፉት ብቻ ነው የሚሉት፣ እትዬ።”

ዝግጅቱ የሠርግ ያህል ነበር። አንድ ዓይነት ቡና፣ አንድ ዓይነት ውኃ፣ ሁለት ጀበና፣ አንዱ ከሰል ላይ፣ አንዱ ምድጃ ላይ። የሲኒዎቹ ቂጥ ላይ ቁጥር ተጻፈ። ዕጣውን ያወጣው ትንሹ ልጄ ነው፤ እቁብ ላይም ዕጣ የሚያወጣው ሕፃን ነው፣ ማን ቢደርሰው ግድ የለውምና። እትዬ ከሰው ፊት ላይ ሐሳብ የሚያነቡ ሴት ስለሆኑ የምትቀዳው ባለቤቴ ከመጋረጃ ኋላ ተደረገች፤ ሙከራው እስኪያበቃ ቃል እንዳትተነፍስም ታዘዘች። እጣን ተከለከለ፤ ሽታው ምላስ ያሳስታል ተባለ። እትዬ እጣን የሌለውን ረከቦት ዓይተው “የለቅሶ ቤት አደረጋችሁት” ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ስምንቱ ሲኒ መጣ። አንዱን ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ወደ ቀኝ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ገና ሲያሸቱት ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ “ይኼ ብረት ብረት ይላል፤ የምድጃ ነው” ብለው ወደ ግራ ገፉት። እንዲህ እያሉ አራት በቀኝ፣ አራት በግራ አደረጉ። ልጅቱ ሲኒዎቹን እየገለበጠች ከወረቀቷ ጋር አስተያየች፤ ስድስት ከስምንት። “አይበቃም፤ በግምትም ቢሆን ከ70ው በ17ቱ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ይገኛል” አለች።

“ስድስት ከስምንት አይበቃም?” አሉ እትዬ ወደ እኔ ዞረው። “ይህችን ልጅ በማትሪክ ስንት አምጥታ ነው ያስገቧት?”

ያኔ ባለቤቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። “አሁን መናገር ይቻላል?” አለች። ምድጃው ላይ የተጣደው ጀበና ገና ሳይሞቅ መብራት ሄዷል። ተናገሪ ያላት የለም፤ እንግዳ ደግሞ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛውንም ጀበና ከሰሉ ላይ አፍልታ ስምንቱንም ቀድታለች።

ለጥቂት ጊዜ የከሰሉ ፍም ሲንጣጣ ብቻ ተሰማ። እትዬ ሲኒዎቹን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ዳሰሱ።

“እኔማ ምላሴ ነግሮኝ ነበር” አሉ። “አራት አራት አድርጊ ያላችሁኝ እናንተ!”

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ቆይታም ደብተሯን አውጥታ ይህን ጻፈች። እትዬ በበኩላቸው በዚያው ሳምንት ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሱት፤ ስድስት ከስምንት ማምጣታቸውን፣ ነገሩም በትምህርት መረጋገጡን። የመብራቱን ነገር የሰማ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለቤቴም አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዛች።

ባለፈው ማክሰኞ ልጅቱ የቡድን ሥራ ይዛ ሱቄ መጣች። ርእሱ የጎንደር ነዋሪዎች ለቡና ማፍያ የሚመርጡት ማገዶ ነው። “ስንት ኮፒ?” አልኳት። “423።” ስትመልስ ዓይኗ በመስተዋቱ አልፎ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አርፏል። አባዝቼ ሳስረክባት ከላይ አንዱን መዝዛ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋችልኝ።

“ጋሼ፣ ይችን ቢሞሉልኝ።”

የመጀመሪያው ጥያቄ “በሳምንት ስንት ጊዜ ቡና ያፈላሉ?” ይላል። በዕድሜዬ ጀበና ጥጄ አላውቅም። “ሰባት” ብዬ ሞላሁ።