አይለበስ፣ አይነጠፍ

ኖርዌይ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሰዉ የማታ ኮርስ ይወዳል። እንጨት መፈልፈል፣ ሹራብ መሥራት፣ ዳቦ መጋገር። አሁን አሁን ደግሞ ትንንሽ ምስል መሸመን መጥቷል። ነርሱም መሐንዲሱም የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል የእንጨት ፍሬም ይዞ ይቀመጣል። ድሩን ይወጥራል፣ የሱፍ ማጉን በጣቱ እያስገባ በሹካ ይደበድባል፣ በመስኮት የሚያየውን ጫካ ይሸምናል። ሹካ ስል የምግብ ሹካ ነው፤ ለትንሽ ሥራ በቂ ነው። እኔም ገባሁበት። ከፍዬ ነው ታዲያ።

ጎጃም ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ቀኑን ሙሉ ይወረውራል፤ የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ «ቁጢት በጣሽ» ይባላል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ሆና ይህንኑ ምስል መሸመን ስልኳ ላይ እያየች ጀምራለች። ፍሬሟ ምስማር የተመታበት አሮጌ የፎቶ ፍሬም ነው። ክሩ ከሰልባጅ ሹራብ የተተረተረ ነው፤ ምናልባት እኛው እዚህ የጣልነው። ርዕሷ ቢጫ ነው። ኑግ ሲያብብ ከደጀን ወደ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ይገባዋል። አደይም ቢጫ ነው፣ ኑግም ቢጫ ነው፣ ግን አንድ ቢጫ አይደሉም።

ይህን በክር ማምጣት ቀላል አይደለም። ሸማ ላይ ማጉ በመወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቀለም ድርሻው ድረስ ብቻ ሄዶ ይመለሳል፣ ድሩንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ሁለት ቀለሞች በቁም መስመር ሲገናኙ ካልተያያዙ መሐላቸው ክፍተት ይቀራል። ማጉን ወጥሮ የሚጎትት ጀማሪ ደግሞ የሥራውን ወገብ ያቀጥናል፤ መፍትሔው ክሩን ቅስት አድርጎ አላልቶ ማስገባት ነው። ቀለም ለመቀላቀል ቀጫጭን ክሮች አብረው ይገባሉ፦ ሁለት ቢጫ አንድ አረንጓዴ፣ ከዚያ አንድ ቢጫ ሁለት አረንጓዴ። ራቅ ብሎ ሲታይ ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። እኛ ይህን በትምህርት ያገኘነው ነው። እሷ ግን እናቷ ሙዳይ ስትሰፋ አለላውን እንዴት እንደምታለዋውጥ እያየች ነው ያደገችው፤ ብዙም አልተቸገረችም።

አክስቴ ሥራውን አገላብጣ አየችው። «ልጄ፣ አይለበስ፣ አይነጠፍ፣ ምን ሊሆን ነው?» አለች።

በዚህ ጥያቄ አልስቅም። ጥጥ ባዝታ በእንዝርት የፈተለች ሴት ክር ምን እንደሚያስወጣ ታውቃለች። ኖርዌይ ማንም የማይጠይቀው ክሩ ከሱቅ ታሽጎ ስለሚመጣ ይመስለኛል።

ግን እዚያም ጠንቅቃ የምታውቅ ነበረች። ሐና ሪገን በ1894 እ.ኤ.አ. ስዊድን፣ ማልሞ ተወልዳ ኖርዌይ ገጠር በእርሻ የኖረች ናት። የበጎቿን ጸጉር ፈትላ በዕፅዋት ታቀልም ነበር። ለሰማያዊው ቀለም ሽንት ታጠራቅም ነበር፤ ጎረቤት ምን ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው። በ1935 ሙሶሊኒ ሲወረን ይህች ገበሬ ንዴቷን ሸመነችውና «ኢትዮጵያ» አለችው። በ1937 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሲሰቀል የሙሶሊኒ ራስ በጦር የተወጋበት ጫፍ እንዳይታይ ወደ ኋላ ታጠፈ።

ይህን ለአክስቴ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። «አሁንስ ዘረጉት?» አለች። ምን ሊሆን ነው የሚለውን ጥያቄዋን ግን አልተወችውም።

ልጅቱን ያስቸገራት ሌላ ነገር ነበር። ድሩ አንዱ ጥብቅ ሌላው ልል እየሆነባት ምስሉ ይጣመማል። የኛ አስተማሪ ይህን በማስመሪያ እየለካች ነው የምታሳየው። እሷ ፍሬሙን ይዛ ሰፈሯ ያለ ሸማኔ ዘንድ ሄደች። በጣቱ ብቻ እየነካካ እኩል አድርጎ ወጠረላት። ገንዘብ ብትሰጠው አልቀበልም አለ።

እኔ ለዚያችው ትምህርት ስንት እንደከፈልኩ ለእሱ እንዳትነግረው ለምኛታለሁ።